ምስክሩ ድርጊቱን እንዳያውክ፦ ለጥቃቅን መሣሪያዎች የስህተት መፈለጊያ ጽሑፍ ላይብረሪ ስለ መንደፍ

ከዚህ በታች የሚነበበው በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ንግግር ላይ በቃል የቀረበ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ማይክሮኮንትሮለር በውስጡ የሚካሄደውን ነገር በጽሑፍ እንዴት ሊነግረን ይችላል? በኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሁሉ መልሱን የሚያውቀው ይመስለዋል። ፕሮግራሙ እንግዳ ጠባይ ሲያሳየው አንድ የማተሚያ መስመር ጣልቃ ያስገባል፤ የተለዋዋጩን ዋጋ ያያል፤ ስህተቱን ያርማል፤ መስመሩንም ይደመስሰዋል። በማንኛውም ቋንቋ የምንጽፈው የመጀመሪያ ፕሮግራም ሰላምታ የሚያትም መሆኑም ልማድ ሆኗል፤ ልማዱን ያስፋፋው ብራየን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ በ1978 ያሳተሙት የሲ ቋንቋ መጽሐፍ ነው።

በጥቃቅን መሣሪያዎች ላይ ግን ማተም በነፃ አይገኝም። ጊዜ ይወስዳል፣ ሜሞሪ ይወስዳል፤ የሚወስደውም የምንመረምረው ፕሮግራም ራሱ ከሚኖርበት ጠባብ ጓዳ ነው። ስለዚህ የማተሚያውን ላይብረሪ የሚነድፍ ሰው ምስክር እያዘጋጀ መሆኑን ማወቅ አለበት። ከአንድ ምስክር ሦስት ነገሮችን እንጠብቃለን። ድርጊቱን እንዳያውክ፣ ያላየውን አላየሁም እንዲል፣ ቃሉን እስኪሰጥም ድረስ በሕይወት እንዲቆይ። የዛሬው ንግግሬ እነዚህ ሦስት ግዴታዎች በንድፍ ላይ ምን እንደሚያስከትሉ ማሳየት ነው።

ለምን ጽሑፍ?

ከከተማ ርቆ በሚገኝ ቦታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ የውሃ ፓምፕ አለ እንበል። ፓምፑን የሚቆጣጠረው አንድ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ስክሪን የለውም፣ የቁልፍ ሰሌዳ የለውም፣ ከኢንተርኔትም ጋር አልተገናኘም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ፓምፑ ይቆማል። ጠባቂው ማብሪያውን አጥፍቶ ሲያበራው ደግሞ መሥራቱን ይቀጥላል። ባለሙያው ረጅም መንገድ ተጉዞ ሲደርስ መሣሪያውን በደኅና እየሠራ ያገኘዋል፤ ምንም ሳይረዳ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ውሃ ለመቅዳት ወረፋ የያዘው ሰው ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ለዚህ ባለሙያ የሚጠቅመው ምንድን ነው? ዲበገር የሚባለው መሣሪያ ፕሮሰሰሩን በአንድ የኮድ መስመር ላይ አቁሞ ውስጡን ያሳያል። በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ሲቆም ሞተሩ አብሮት አይቆምም፤ በሬዲዮ መልስ የሚጠብቀው ሌላው መሣሪያም አይጠብቅም፤ የጊዜ ገደቦች ሁሉ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የምናየው ሁኔታ እኛ ራሳችን የፈጠርነው ነው። ኦሲሎስኮፕና ሎጂክ አናላይዘር በሽቦው ላይ ያለውን ምልክት በታማኝነት ያሳያሉ፤ ፕሮግራሙ ለምን እንዲያ እንደወሰነ ግን አይናገሩም። ምን ከምን በፊት እንደሆነ፣ በምን ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ምን ውሳኔ እንደተወሰነ በቅደም ተከተል የሚተርክልን የጽሑፍ መዝገብ ነው። ዋጋው ከባድ ሆኖ ሳለ ከእጃችን ያልወጣውም ስለዚህ ነው።

የአንድ ፊደል ዋጋ

ዋጋውን በቁጥር እንየው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን የአርዱይኖ ኡኖ ቦርድ እንውሰድ። በላዩ ያለው ኤቲሜጋ 328ፒ በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ 32 ኪሎባይት ፍላሽ ሜሞሪና 2 ኪሎባይት ራም አለው። ሲሪያል ፖርቱን በ9600 ቦድ እንክፈተው። በተለመደው አሠራር አንድ የላቲን ፊደል ለመላክ አንድ የመነሻ ቢት፣ 8 የመረጃ ቢትና አንድ የማቆሚያ ቢት፣ በድምሩ 10 ቢት ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚወጣው 960 ፊደል ብቻ ነው። አንዱ ፊደል ከ1 ሚሊሰከንድ ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው፤ በፕሮሰሰሩ ሰዓት ሲለካ ወደ 16,667 ሳይክል ይሆናል።

አሁን 40 ፊደል ያለው አንድ መልእክት እናትም። ፕሮግራሙ ፊደሎቹ እስኪወጡ የሚጠብቅ ከሆነ 41.7 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ይኸው ፕሮግራም ሞተሩን በየ1 ሚሊሰከንዱ የሚቆጣጠር ቢሆን አንዲት የማተሚያ መስመር 41 የቁጥጥር ዙሮችን ትሰርቃለች። ፍጥነቱን ወደ 115200 ቦድ ብናሳድገው አንዱ ፊደል ወደ 87 ማይክሮሰከንድ ይወርዳል፤ ሙሉው መልእክት ግን አሁንም 3.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በዚያ ላይ 16 ሜጋኸርዝ ለ115200 እኩል አይካፈልም፤ በዚህ ቺፕ ላይ የተሻለው አማራጭ ራሱ የ2.1 ከመቶ የፍጥነት ስህተት አለው። በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያም የራሱ ስህተት ካለው ፊደሎቹ መበላሸት ይጀምራሉ።

«ፈጣን ፕሮሰሰር ብንገዛስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። በ72 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ኤስቲኤም 32 ብንወስድ፣ በ115200 ቦድ አንድ ፊደል 6,250 ሳይክል ነው። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ሽቦው አብሮት አልፈጠነም፤ እንዲያውም በሳይክል ሲለካ የፊደሉ ዋጋ እየተወደደ ይሄዳል።

ይህ የዘገየ ፕሮግራም ጉዳይ ብቻ ቢሆን በታገሥነው ነበር። ከባዱ ነገር ማተሙ ስህተቱን ራሱን የሚለውጠው መሆኑ ነው። ሁለት ሥራዎች በአንድ ተለዋዋጭ ላይ የሚሽቀዳደሙ ከሆነ፣ በመካከላቸው የገባው የጥቂት ሚሊሰከንድ መዘግየት ሽቅድምድሙን ሊያጠፋው ይችላል። የማተሚያው መስመር ሲገባ ስህተቱ ይጠፋል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ጂም ግሬይ በ1985 ኮምፒውተሮች ለምን እንደሚቆሙ በመረመረበት ጽሑፉ እንዲህ ያሉ ሊመለከቷቸው ሲሞክሩ የሚሰወሩ ስህተቶችን ከፊዚክሱ ሊቅ ከሃይዘንበርግ ስም ጋር አያይዞ ጠርቷቸዋል። ምስክሩ ድርጊቱን አወከ የምንለው ይህን ነው።

ሜሞሪውን የሚበላው ማን ነው?

ሁለተኛው ወጪ ሜሞሪ ነው። የኤቪአር ቤተሰብ የሆኑት ቺፖች የፕሮግራሙንና የመረጃውን ሜሞሪ ለይተው ያስቀምጣሉ። በኮዱ ውስጥ በጥቅስ ምልክት መካከል የምንጽፈው ጽሑፍ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠን በቀር፣ መሣሪያው ሲነሳ ከፍላሽ ወደ ራም ይገለበጣል። እያንዳንዳቸው 30 ፊደል ያላቸው 50 መልእክቶች ብንጽፍ፣ የማብቂያው ባይት ሲታከል፣ 1,550 ባይት ይሆናሉ። ካለን 2,048 ባይት ሦስት አራተኛው ለመልእክት ብቻ ዋለ ማለት ነው። ስለዚህ የላይብረሪው የመጀመሪያ ደንብ ቋሚ ጽሑፍ በፍላሽ እንዲቀመጥና ከዚያው በቀጥታ እንዲነበብ ማድረግ ነው። ደንቡን ተጠቃሚው እንዲያስታውሰው መጠበቅ የለበትም፤ የላይብረሪው ማክሮ በራሱ ሊያደርግለት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሲ ቋንቋው ፕሪንትኤፍ ነው። ይህ ፈንክሽን ለትልልቅ ማሽኖች የተወለደ ነው። የቅርጸት ጽሑፉን በሥራ ሰዓት አንድ በአንድ እያነበበ ይተረጉማል፤ በአንዳንድ ላይብረሪዎች ውስጥም ሜሞሪ በሥራ ላይ እያለ ይበደራል። በኤቪአር ላይ የሚሠራው መደበኛ ላይብረሪ ሦስት ዓይነት ፕሪንትኤፍ ያቀርባል። ካልተጠየቀ በቀር የነጥብ ቁጥሮችን የማተም ችሎታን አያካትትም፤ በቁጥሩ ቦታም የጥያቄ ምልክት ያትማል። የዚህ ምክንያት ቸልተኝነት ሳይሆን ቁጠባ ነው፤ የነጥብ ቁጥር ወደ ጽሑፍ መለወጥ በዚህ ዓይነት ቺፕ ላይ ከባድ ሸክም ነው።

ሙሉ ቁጥርም ቢሆን በነፃ አይታተምም። ቁጥርን በአሥርዮሽ ለመጻፍ በ10 ደጋግሞ ማካፈል ያስፈልጋል። ኤቪአርም ሆነ ኮርቴክስ ኤም 0 የማካፈያ ሃርድዌር የላቸውም፤ ማካፈሉ በሶፍትዌር ይሠራል። በአሥራ ስድስትዮሽ መጻፍ ግን ቢቶችን ማንሸራተትና መሸፈን ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ በጥብቅ ጊዜ ውስጥ ለሚጠሩ ቦታዎች በአሥራ ስድስትዮሽ የሚያትም አጭር ፈንክሽን መኖር አለበት፤ ወደ አሥርዮሽ የመመለሱን ሥራ ጊዜ ያለው የገንቢው ኮምፒውተር ይሥራው።

በፈሩና ያልተነገረው

የመጠበቁን ችግር ለመፍታት የተለመደው መንገድ በፕሮግራሙና በሽቦው መካከል በፈር ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ መልእክቱን በራም ውስጥ ባለ ክብ በፈር ላይ ጽፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሲሪያል ፖርቱ አንድ ፊደል ልኮ በጨረሰ ቁጥር በኢንተረፕት ይጠራና ቀጣዩን ያነሳል። የበፈሩ መጠን የሁለት ርቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ 64 ወይም 256 ባይት፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው መመለሱ አንድ የመሸፈን ሥራ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስሉ፣ ግን ሰውን ለሳምንታት የሚያደክሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ጽሑፉን ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ጠቋሚውን ማራመድ አለበት። ኮምፓይለሩ ይህን ቅደም ተከተል እንዳያዛባውም በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ አንባቢው ገና ያልተጻፈ ባይት ያነሳል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ መነበብ ነው። በ8 ቢት ቺፕ ላይ የ16 ቢት ጠቋሚ በሁለት እርምጃ ይነበባል፤ በሁለቱ መካከል ኢንተረፕት ከገባ ግማሹ የቆየ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ይገኛል። ስለዚህ በኤቪአር ላይ በፈሩን እስከ 256 ባይት ወስኖ የ8 ቢት ጠቋሚ መጠቀም ራሱ መፍትሔ ነው። ዋናው ፕሮግራምም ኢንተረፕቱም ወደ አንዱ በፈር የሚጽፉ ከሆነ፣ ለጥቂት ሳይክል ኢንተረፕትን መዝጋት አይቀርም። የሚዘጋው ቦታ ለማስያዝ ብቻ መሆን አለበት፤ ቅርጸት እያበጁ መዝጋት ነውር ነው።

ይሁን እንጂ በፈር ዕዳን ያስተላልፋል እንጂ አይሰርዝም። በ9600 ቦድ በሰከንድ 960 ፊደል የሚያወጣ ሽቦ ላይ በሰከንድ 2,000 ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም፣ በፈሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ አንድ ቀን ይሞላዋል። ጥያቄው ሲሞላ ምን ይደረግ የሚለው ነው። አንዱ አማራጭ ቦታ እስኪገኝ መጠበቅ ነው። የአርዱይኖው መደበኛ ላይብረሪ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ በኡኖው ላይ 64 ባይት የመላኪያ በፈር አለው፣ እርሱ ሲሞላ ግን ጠሪውን ያስቆመዋል። በዚህም ምክንያት አንዲቱ የማተሚያ መስመር አንዳንድ ጊዜ በቅጽበት ታልፋለች፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሚሊሰከንድ ትወስዳለች። ለጀማሪ ይህ አመቺ ነው፤ አንድም ቃል አይጠፋበትም። የጊዜ ገደብ ላለው ሥርዓት ግን ከዚህ የባሰ ጠባይ የለም፤ ምክንያቱም መዘግየቱ የሚመጣው ብዙ መልእክት በሚጻፍበት፣ ማለትም ችግር በተፈጠረበት ሰዓት ነው።

ሌላው አማራጭ ያልገባውን መልእክት መጣል ነው። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ሆኖም አንድ የማይታለፍ ግዴታ አለው። የተጣለው መቆጠር አለበት። ቦታ ሲገኝ ላይብረሪው ከሁሉ በፊት «12 መልእክቶች ጠፍተዋል» ብሎ መናገር አለበት። ግማሽ መልእክትም መጣል የለበትም፤ ወይ ሙሉው ይግባ፣ ወይ ሙሉው ይቅር። በመካከሉ ክፍተት እንዳለ የማይናገር መዝገብ ክፍተት ካለው መዝገብ የከፋ ነው፤ አንባቢው ያላነበበውን እንዳልተፈጸመ አድርጎ ይወስደዋልና። ያላየሁትን አላየሁም ማለት ለማሽንም ክብር ነው።

ቅርጸቱን ማን ያበጀው?

እስካሁን የተናገርኩት ወጪን ስለማዘግየትና ስለመቀነስ ነበር። ከዚህ የበለጠ ሥር ነቀል የሆነ ሐሳብ አለ። መሣሪያው ጽሑፉን ጨርሶ ለምን ይሸከማል? «የሞተሩ ሙቀት» የሚለው ሐረግ አይለወጥም፤ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ታውቋል፣ በገንቢው ኮምፒውተር ላይም አለ። የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። እንግዲያው መሣሪያው የመልእክቱን መለያ ቁጥርና የሚለወጠውን ዋጋ ብቻ ይላክ፤ ሐረጉን ፈልጎ ቁጥሩን በቦታው የሚያስገባው ተቀባዩ ኮምፒውተር ይሁን።

ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ ላይብረሪዎች ውስጥ ይገኛል። ለራስት ቋንቋ የተዘጋጀው ዴፍኤምቲ፣ ከጉግል የወጣው ፒግዊድ፣ እንዲሁም ዜፊር የተባለው የጥቃቅን መሣሪያዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተም በየራሳቸው መንገድ ይጠቀሙበታል። ዘዴው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከጽሑፉ ላይ በሃሽ ስሌት 32 ቢት የሆነ ቁጥር ይወጣል፤ ወይም ሊንከሩ ጽሑፎቹን ወደ መሣሪያው በማይጫን የፋይሉ ክፍል ያስቀምጣቸውና የተቀመጡበት አድራሻ መለያ ቁጥር ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሐረጉ ከፍላሽም ከራምም ይወጣል፤ በሥራ ሰዓት ማካፈልም፣ ፊደል መቅዳትም አይኖርም።

ለእኛ ደግሞ ይህ አሠራር የተለየ በረከት አለው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብተዋል፤ በዩቲኤፍ 8 ሲጻፉ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሙቀት ከልክ አለፈ» የሚለው አጭር ሐረግ 29 ባይት ነው፤ በ9600 ቦድ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በጥቃቅን መሣሪያዎች ላይ በአማርኛ ማተም ቅንጦት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሐረጉ በተቀባዩ ኮምፒውተር ሲቀመጥ ግን የሚላከው 4 ባይት መለያ ቁጥርና 2 ባይት የሙቀት ዋጋ፣ በድምሩ 6 ባይት ይሆናል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ልዩነት የለውም። የመልእክቱን ዝርዝር ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ መተርጎም ይቻላል፤ በመሣሪያው ላይ አንድ ባይት አይጨምርም። ከፓምፑ አጠገብ የቆመው ቴክኒሻን በሚገባው ቋንቋ ያነበዋል።

ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋም አለ። ሽቦው ላይ የሚወጣው ለሰው ዓይን ትርጉም የሌለው ባይት ነው፤ በማንኛውም ተርሚናል ከፍቶ ማንበብ አይቻልም። መልእክት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያሳይ አጠራር ያስፈልጋል፤ ኮብስ የሚባለው ዘዴ ዜሮ ባይትን ለማብቂያነት ብቻ በመለየት ይህን በጥቂት ተጨማሪ ባይት ይፈታል፤ ከመካከል አንድ ባይት ቢበላሽ እንኳ ተቀባዩ ከሚቀጥለው ዜሮ በኋላ ራሱን ያስተካክላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመዝገበ ቃሉ ጉዳይ ነው። በመሣሪያው ላይ ያለው ፕሮግራምና በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዝርዝር ከአንድ ግንባታ የመጡ ካልሆኑ፣ ትርጉሙ ሊሳሳት ይችላል፤ ስህተቱም አሳማኝ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መሣሪያው ሲነሳ የመጀመሪያ ቃሉ የግንባታው መለያ መሆን አለበት፤ ተቀባዩም ካልተስማማለት መተርጎሙን እንቢ ማለት አለበት። ወደ መስክ የተላከ የእያንዳንዱ ግንባታ ዝርዝርም እንደ ውል ሰነድ ተጠብቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

የመውጫው በር

ላይብረሪው በየትኛው በር እንደሚወጣ ማወቅ የለበትም። ከታች በኩል የሚያስፈልገው አንድ ጠባብ በይነገጽ ነው፤ «እነዚህን ባይቶች ውሰድ፣ ስንቱን እንደወሰድክ ንገረኝ» የሚል። እንዲህ ከተነደፈ በሩን መለወጥ ቀላል ነው። ምርጫዎቹም ብዙ ናቸው።

ሲሪያል ፖርት በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ አለ፤ ዘገምተኛ ቢሆንም ታማኝ ነው። በኮርቴክስ ኤም 3 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ በአንድ ፒን የሚወጣ ኤስደብልዩኦ የሚባል የመከታተያ መስመር ይገኛል፤ በኮርቴክስ ኤም 0 ላይ ግን የለም። ሴሚሆስቲንግ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ለመጠቀም እጅግ ቀላል ነው፤ ፕሮሰሰሩን በማቆሚያ ትእዛዝ አስቁሞ ዲበገሩ ጽሑፉን እንዲያነሳ ያደርጋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መልእክት ፕሮሰሰሩ ይቆማል፤ ዲበገር ሳይኖር በመስክ ላይ ቢጠራ ደግሞ መሣሪያው ወደ ብልሽት ሁኔታ ይገባል። ከላቦራቶሪ ውጭ ሊወጣ የማይገባ ዘዴ ነው። ሴገር የተባለው ኩባንያ ያወጣው አርቲቲ ሌላ መንገድ ይከተላል። መሣሪያው በራም ውስጥ ባለ ክብ በፈር ላይ ይጽፋል፤ ዲበገሩ ፕሮሰሰሩን ሳያቆም ከውጭ ሆኖ ራሙን ያነበዋል። ለመሣሪያው ማተም ማለት ሜሞሪ መቅዳት ብቻ ይሆናል። ዲበገሩ መገናኘት ስላለበት ግን ይህም የጠረጴዛ ላይ ዘዴ ነው።

ከውድቀት በኋላ የሚቀር ቃል

ሦስተኛው ግዴታ ምስክሩ በሕይወት መቆየቱ ነው። በጣም የምንፈልገው መልእክት ከውድቀቱ በፊት የተጻፈው የመጨረሻው ነው፤ በበፈር ውስጥ ሳይላክ የሚጠፋውም እርሱ ነው። መፍትሔው በፈሩን በራም ውስጥ፣ ሲነሳ በዜሮ በማይሞላ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ኃይል ካልተቋረጠ በቀር ዋችዶግ መሣሪያውን ዳግም ሲያስነሳው ራሙ የያዘውን አይለቅም። ላይብረሪው ሲነሳ የታወቀ ምልክት ቁጥርና የማረጋገጫ ስሌት ይመለከታል፤ ትክክል ከሆኑ የቀድሞውን ሕይወት የመጨረሻ ቃላት ዳግም የመነሳቱን ምክንያት ከሚናገረው ሬጂስተር ጋር አያይዞ ያትማል። በፓምፑ ምሳሌ ግን ጠባቂው ማብሪያውን ስለሚያጠፋው ራሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዋችዶግ አስቀድሞ እንዲያስነሳውና የመጨረሻዎቹ መልእክቶች ወደ ኢኢፕሮም እንዲገለበጡ ማድረግ ያስፈልጋል። በኤቲሜጋ 328ፒ ላይ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም አለ፤ እያንዳንዱ 6 ባይት ለሆነ መልእክት ከ150 በላይ የሚይዝ ቦታ ነው።

የዚህን ጥቅም በተግባር ካሳዩት ታሪኮች ታዋቂው የማርስ ፓዝፋይንደር ነው። መንኮራኩሯ ሐምሌ 4 ቀን 1997 በማርስ ላይ አረፈች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ዳግም ይነሳ ጀመር። ፕሮግራሙ ውስጥ ክስተቶችን በክብ በፈር ላይ ያለማቋረጥ የሚመዘግብ አካል ነበረበት፤ ይህ ስህተት ሲፈጠርም መዝገቡን አቁሞ እንዲያወጣ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ያን ያህል መረጃ ከማርስ ወደ ምድር ማውረድ አይቻልም። መሐንዲሶቹ ግን በምድር ላይ ባለው አምሳያ ላይ፣ ሶፍትዌሩን ሳይለውጡ፣ ያንኑ ሥራ ደጋግመው በማካሄድ ከ18 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስህተቱን አገኙት። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ የያዘውን መቆለፊያ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሲጠብቅ፣ በመካከል ያሉት ሥራዎች ይቀድሙ ነበር። እርማቱ ወደ ማርስ ተልኮ ችግሩ ተወገደ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ትምህርት «ሶፍትዌሩን ሳይለውጡ» በሚለው ላይ ነው። መዝጋቢው በበረራው ሶፍትዌር ውስጥ የቀረው በረሱት ሰዎች ሳይሆን ታስቦበት ነው። በጠረጴዛ ላይ የተፈተነውና ወደ መስክ የሄደው አንድ ነበሩ። ምስክሩን ከማስረከብ በፊት የሚያስወጣ ሰው ያልተፈተነ ፕሮግራም ያስረክባል፤ ጊዜው ተለውጧልና።

ለሚጽፈውና ለሚያነበው ሰው

ስለ አጠቃቀም ጥቂት ልበል። መልእክቶች በክብደት ደረጃ ይከፈሉ፤ የማያስፈልገው ደረጃ በኮምፓይለር ጊዜ ፈጽሞ ይውጣ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በማተሚያው መስመር ውስጥ ተለዋዋጭን የሚጨምር ወይም ሬጂስተር የሚያነብ አገላለጽ ከተጻፈ፣ ደረጃው ሲዘጋ ያ ሥራም አብሮ ይጠፋል፤ የፕሮግራሙም ጠባይ ይለወጣል። ላይብረሪው የመልእክቱን ዓይነቶች ኮምፓይለሩ እንዲመረምራቸው ማድረግ፣ መመሪያውም ይህን ወጥመድ በግልጽ መናገር አለበት።

እያንዳንዱ መልእክት የጊዜ ማኅተም ይኑረው፤ ማኅተሙም የሚመታው ሲላክ ሳይሆን ሲጻፍ ነው። በ72 ሜጋኸርዝ የሚቆጥር የ32 ቢት ቆጣሪ በየ60 ሰከንዱ ገደማ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ተቀባዩ ይወቅ። በመጨረሻም መዝገብ ሚስጥር የሚያወጣ በር መሆኑ አይዘንጋ፤ የይለፍ ቃልና የምስጠራ ቁልፍ በምንም ደረጃ መታተም የለባቸውም።

ማጠቃለያ

ለተማሪዎቻችን የማሳስበው የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ማንኛውንም ላይብረሪ ከመጠቀማችሁ በፊት ለኩት። ከማተሚያው መስመር በፊት አንድ ፒን ከፍ አድርጉ፣ ከመስመሩ በኋላ ዝቅ አድርጉ፤ በኦሲሎስኮፕ ስፋቱን ተመልከቱ። በፈሩ ባዶ ሳለም፣ ሞልቶ ሳለም ለኩት። ያገኛችሁትን ቁጥር በመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ የሚጠቀምበት ሰው ለእያንዳንዱ መልእክት የሚከፍለውን ዋጋ አውቆ እንዲከፍል።

ዛሬ በየቦታው የምንተክላቸው መሣሪያዎች ውሃ ይቀዳሉ፣ መድኃኒት ያቀዘቅዛሉ፣ ኤሌክትሪክ ይቆጥራሉ። ሲበላሹ የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን፣ ከላቦራቶሪ ርቆ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ሽቦ ይዞ የቆመ ነው። ያ ሰው የሚያነበው መስመር እውነተኛ እንዲሆን፣ የጎደለው ነገር እንዳለም መስመሩ ራሱ እንዲነግረው ማድረግ የእኛ የነዳፊዎቹ ኃላፊነት ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።